“ብልህ” የተባለው ፈንጂ ታንክና አይሱዙ ይለያል ወይ?

አቀስታ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው መቅደላን በዓይኑ ባያያት በልቡ ያያታል። እኔ የለጋምቦ ልጅ ነኝ፤ የሴቫስቶፖልን ወሬ የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምድጃ ዳር ነው። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑን ሰብስበው “መድፍ ሥሩልኝ” አሉ። በውድም በግድም ተሠራ። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴቫስቶፖል፣ መንገዱ እየተቆፈረ፣ ሕዝቡም ሠራዊቱም እየጎተተው፣ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። ከዚያስ? በእሮጌው ውጊያ ዕለት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ራሱ ፈነዳ። እንግሊዞች በስናይደር ጠመንጃቸው ወገናችንን ረፈረፉት። ሴቫስቶፖልም እዚያው አምባው ላይ ቀረ።

ይህን የማነሳው ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንዲባልልኝ ነው። ያን ጊዜ ገመዱን የጎተተው ሰው የሚጎትተውን ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ገዢዎቻችን ግን ገመዱን ያስጎትቱናል እንጂ ምን እንደምንጎትት አይነግሩንም!

ደርግ ከሞስኮ በዱቤ መሣሪያ ሲያግዝ ማን ተጠየቀ? በ1977ቱ ድርቅ ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ዕዳው ይቆለል ነበር። ከመንግሥቱ መንግሥት በኋላም ዕዳው አልሞተም፤ ራሺያ 4.8 ቢሊዮን ዶላሩን የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ የጦር መኮንኖች የሚመሩት ሜቴክ መጣ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወጥተው ድርጅቱ ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዥ ፈጸመ ሲሉ አገር ጉድ አለ። ጉድ ያለው ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ራሱ ለመከላከያና ለአገር ደህንነት ሲባል የተለየ አሠራር እንዲኖር በር ከፍቶ ነበር። በሩ ሲከፈት ዘበኛ አልቆመለትም።

አሁን ደግሞ ጊዜው የ“ብልህ” መሣሪያ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ስካይዊን የተባለ የድሮን ፋብሪካ ተመረቀ፤ ጭብጨባውን በቴሌቪዥን አይተናል። በሌላው ዓለም ደግሞ ብልህ የተባለ የተሽከርካሪ ፈንጂ መጥቷል። የድሮው፣ እኛም አገር በሰፊው የተቀበረው የሶቪየቶቹ ቲኤም-57፣ ስድስት ኪሎ ከምናምን ባሩድ ታቅፎ ተኝቶ ጎማ እስኪወጣበት ይጠብቃል። አዲሱ ግን መረገጥ አያስፈልገውም። የሞተሩን ድምፅና የመሬቱን ንዝረት ያዳምጣል፤ ተሽከርካሪው ሲቀርብ ጥይቱን ወደ ላይ ያስፈነጥርና ብረቱ ስስ በሆነበት በጣሪያው በኩል ይመታዋል። የራሺያው ፒቲኬኤም-1አር እንዲህ ያለ ነው። የአሜሪካ ጦር ቴክስትሮን ከተባለው ኩባንያ የሚገዛው ኤክስኤም 204ም የዚሁ ዘር ነው። ሻጮቹ “ጊዜው ሲያልፍ ራሱን ያመክናል፤ ለገበሬ አይተርፍም” ይላሉ። እውነት ከሆነ ከድሮው ይሻላል፤ ይህን አልክድም።

ነገር ግን ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚገባውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ አይበቃም። በዚያ መንገድ ገብስና በግ የሚጭነው አይሱዙ፣ ነፍሰ ጡር ይዞ የሚበረው አምቡላንስ፣ ወታደር የጫነውም መኪና የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው። ሞተሩ ያው ናፍጣ፣ ንዝረቱም ያው ንዝረት። ጆሮ ብቻ ያለው ብልሃት ከላይ የተቀመጡት እናት ይሁኑ መትረየስ በምን ያውቃል? አንድ የአገሬ ሽማግሌ ነገሩን ሳስረዳቸው “ልጄ፣ እንግዲያው ብልህ አትበለው፤ ጆሮ ያለው ደንቆሮ በለው” አሉኝ።

እንዲህ ያለውን ፈንጂ መንግሥታችን ገዛ አላልኩም። የምለው፣ ቢገዛ ማን ይነግረን ነበር? ነው። ከሐምሌ 2015ቱ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በፊትና በኋላ አማራ ክልል ያየውን መከራ ላየ ሰው፣ መሣሪያ ሁሉ ወደ ውጭ ጠላት ብቻ ይዞራል ማለት የዋህነት ነው። መንገዱን የሚቀብር ደግሞ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ጠመንጃ ያነሳ ሁሉ ይቀብራል።

ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት በ1990 ዓ.ም. ፈርማ በ1997 ዓ.ም. አጽድቃለች። ደግ አደረገች። የፈንጂ ጉዳት የደረሰባቸው 1,492 መንደሮች በጥናት የተቆጠሩባት አገር ከዚያ ያነሰ ብታደርግ ነውር ነበር። ይሁንና ስምምነቱ የተሽከርካሪ ፈንጂን አይነካም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የባልቲክ አገሮች፣ ፊንላንድና ፖላንድ “ጎረቤታችን አስፈራን” ብለው ከስምምነቱ ለመውጣት ወሰኑ። ትልልቆቹ አጥሩን ሲያፈርሱ የእኛ ሰዎች “እኛስ ከማን እናንሳለን?” እንዳይሉ እሰጋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ መሬት ውስጥም ሆነ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰው የሚጠብቅ መሣሪያ ከመገዛቱ ወይም እዚሁ ከመሠራቱ በፊት የፓርላማው የሚመለከተው ኮሚቴ በዝግም ቢሆን ይወቀው። ምስጢር ከጠላት ይጠበቃል እንጂ ከገንዘቡ ባለቤት አይደበቅም። ሁለተኛ፣ ሕዝብ በሚመላለስበት መንገድ ላይ የተሽከርካሪ ፈንጂ እንደማይጠመድ በሕግ ይደንገግ። ሦስተኛ፣ መንግሥትም ሆነ ታጣቂ፣ የቀበረ ሁሉ የቀበረበትን ይመዝግብ፤ ተኩስ ባቆመ ማግሥትም ካርታውን ያስረክብ።

“ጦር ሜዳ ላይ ያለ መንግሥት ይህን አይሰማም” የሚለኝ አይጠፋም። ባይሰማም እንናገራለን። የሚፈነዳው እኛ በምንሳፈርበት መንገድ፣ የሚከፈለውም ከእኛ ኪስ ነው። ገመዱን የምንጎትተው እኛ ከሆንን፣ ጫፉ ላይ የታሰረውን ብረት አይተን እንጎትት!

ልብ ያለው ልብ ይበል።