ባዮፊድባክ በማይግሬን ሕክምና ውስጥ ቦታ ይገባዋል

ማይግሬን የተነሳበት ሰው መጋረጃውን ዘግቶ፣ ድምፅ ሸሽቶ፣ እያቅለሸለሸው ሲተኛ ቤተሰቡ የሚያቀርብለት ክኒን ነው። ክኒኑ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ችግሩ የሚመጣው ሲዘወተር ነው። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉትን የማይግሬን መድኃኒቶች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው በሚያጠቃ ሕመም ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከክኒን ሌላ መንገድ ግን አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ቶፒካ በሚገኘው የሜኒንገር ተቋም አንዲት ሴት ሰውነቷን ማዝናናት ስትለማመድ ማይግሬኗ በድንገት ለቀቃት። በዚያው ቅጽበት የእጇ ሙቀት በሁለት ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ፋራናይት ጨምሮ ነበር። ኤልመር ግሪንና ዶክተር ጆሴፍ ሳርጀንት ነገሩን እንደ አጋጣሚ አላለፉትም፤ ሕመምተኞች እጃቸውን ማሞቅ እንዲማሩ አደረጉ።

ባዮፊድባክ የሚባለው ይህ ሕክምና ዛሬም በዚያው መንገድ ይሰጣል። ታካሚዋ ተመቻችታ ትቀመጣለች፤ ጣቷ ላይ ትንሽ የሙቀት መለኪያ ይታሰርላታል። ትንፋሿ ሲረጋጋ፣ ትከሻዋ ሲላላ፣ የጣቷ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፊቷ ያለው ቁጥርም ቀስ እያለ ይወጣል። ስትጨነቅ ይወርዳል። አንዳንድ ሐኪሞች የግንባርንና የአንገትን ጡንቻ ውጥረት ይለካሉ። ከተወሰኑ ሳምንታት ሥልጠናና የቤት ልምምድ በኋላ መሣሪያው አያስፈልግም።

ማስረጃውስ? በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የራስ ምታት ሐኪሞች ጥምረት ከማዝናናት ሥልጠና ጋር የሚሰጠውን የሙቀት ባዮፊድባክ ለማይግሬን መከላከያነት በከፍተኛው የማስረጃ ደረጃ አስቀምጦታል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመና 55 ጥናቶችን የመረመረ ትንታኔም ጥቅሙ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። ብዙዎቹ ጥናቶች አነስተኛ መሆናቸው እውነት ነው፤ ታካሚው የሚሰጠውን ስለሚያውቅ የተስፋን ድርሻ ለይቶ ማውጣትም ያስቸግራል። የተነሳን ሕመም እንደ ትሪፕታን በፍጥነት አያስቆምም፤ ሥራው የሕመሙን መመላለስ መቀነስ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮም ሚዛኑ ወደ ጥቅሙ ያደላል፤ ጉዳቱ ከምንም አይቆጠርምና።

አቋማችን ግልጽ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና ማስታገሻ ያበዙ ሕመምተኞች ይህን ሕክምና ከመድኃኒት ጎን ሊያገኙ ይገባል። ለክኒን የሚከፍል የጤና መድን ለሥልጠናው የማይከፍልበት አሳማኝ ምክንያት አናይም። በአገራችንም የጣት ሙቀት መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም፤ የጎደለው የሠለጠነ ሰው ነው። ጤና ሚኒስቴርና የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሥነ ልቦናና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በማሠልጠን ከሪፈራል ሆስፒታሎች ይጀምሩ።

አንባቢ ሆይ፣ የታዘዘልህን መድኃኒት በራስህ ፈቃድ አታቋርጥ። በድንገት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ የእጅና የእግር መዛል ወይም ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ ሳትዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።