ልጆቻችን የት ይጫወቱ? ያለ ክፍያ የሚገኝ ሜዳ ጉዳይ በአዲስ አበባ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ የምትኖር እናት የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ከአራተኛ ፎቅ ወረደች። በብሎኮቹ መካከል ለአረንጓዴ ቦታ የተተወው መሬት የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ትልቁ ፓርክ ሩቅ ነው፤ የታክሲ ወጪ አለው፣ መግቢያም ያስከፍላል። ትንሽ ዞር ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ቴሌቪዥኑም ተከፈተ። ይህ የብዙ ቤት ታሪክ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የከተማዋን መልክ ቀይሯል። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሱ በርካታ ቤተሰቦች አዲስ አካባቢ እየለመዱ ነው። በድሮው ሰፈር ልጅ ከበር ወጥቶ ድብብቆሽ ሲጫወት የጎረቤት ዓይን ይጠብቀው ነበር። አዲሱ ቤት ውኃና መብራት ቢኖረውም ያ ዓይን አብሮ አልተዛወረም።

መንግሥት ምንም አልሠራም ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ከኮሪደሩ ጋር የሕጻናት መጫወቻዎች ተገንብተዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ከመኪና ነጻ አድርጎ ለእግረኛ የመስጠትን ልምድ አስተዋውቋል። የከተማ አስተዳደሩም በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሙ አዲስ አበባን ልጆችን ለማሳደግ ምርጥ አፍሪካዊት ከተማ እናደርጋለን ብሏል። ጥያቄው ርቀትና ዋጋ ላይ ነው። ትንሽ ልጅ ብቻውን አይሄድም፤ የሚወስደው እናት፣ አያት ወይም ሞግዚት ነው። በወር አንዴ የሚጎበኝ ያማረ ፓርክ፣ በየቀኑ በእግር የሚደረስበትን ትንሽ ሜዳ አይተካም።

ጉዳዩ የመዝናናት ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል። የፀሐይ ብርሃን ለአጥንት ጥንካሬ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ይሰጣል፤ እናቶቻችን ጨቅላን በጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት በከንቱ አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ደንግጓል።

ለእኛ ሙስሊሞች ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የቁረይሽ ቤተሰቦች ሕጻናትን ንጹሕ አየር ወዳለበት ገጠር ለአጥቢዎች ይልኩ ነበር፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የልጅነት ዓመታቸውን ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ ዘንድ በበኒ ሰዕድ መንደር አሳልፈዋል። ዛሬ ግን የልጆቻችን ቅዳሜና እሁድ በመድረሳ ክፍልና በሳሎን መካከል እያለቀ ነው።

የወላጆች ስጋት እውነት ነው፤ መኪናው፣ የሰፈር ውሻው፣ የማይታወቀው ሰው ያስፈራል። ይህን የሚያቀለው አብሮ መውጣት ነው። አራት አምስት እናቶች በሳምንት አንድ ጠዋት ተቀጣጥረው ቢወጡ አንዷ ውኃ፣ ሌላዋ ዳቦ፣ ሦስተኛዋ ምንጣፍ ይዛ ትመጣለች። ለልጁ አፈር፣ ጠጠርና ቅጠል ይበቃዋል። መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም።

ግቢ ያላቸው መስጂዶችና መድረሳዎች በትምህርት ሰዓት መካከል ግማሽ ሰዓት ለጨዋታ ቢመድቡ፣ ከሶላት ሰዓት ውጭም ጥግ ላይ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለበት ቦታ ለእናቶችና ለሕጻናት ቢከፍቱ ወጪው ትንሽ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ኮሚቴዎችም የአረንጓዴ ቦታውን ጉዳይ አጀንዳ ሊያደርጉት ይገባል። በፕላን ለልጆች የተያዘ መሬት ለመኪና ሲሰጥ ዝም ካልን፣ ነገ ልጁ ከስልክ አልላቀቅ አለ ብለን የምናማርርበት አፍ አይኖረንም።