ስለ ልጆች መጫወቻና ስለ ሃይማኖት ትምህርት

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ ስለ መጫወቻ እንነጋገር። ነገሩ ቀላል መስሏችሁ አትሳቁ። ሕፃን ከመጫወቻው የሚማረው ከመጽሐፍ ከሚማረው ይቀድማልና።

አባቱ ሲያርስ ያየ ልጅ ከእንጨት ትንሽ ሞፈር ይሠራል። እናቷ ስትጋግር ያየች ልጅ በጭቃ እንጀራ ትጋግራለች። እንደዚሁም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ልጅ ከሸምበቆ መስቀል ይሠራል፤ በቡሄም ጊዜ ጅራፍ ገምዶ ያጮኻል። በግብፅ አገር በካይሮ ከተማ የእስላም ልጆች በረመዳን ወር ፋኑስ የሚባለውን ባለ ቀለም መብራት ይዘው ይዘምራሉ። የአይሁድም ልጆች ሐኑካ በሚባለው በዓላቸው እንደ እንዝርት የሚሾር መጫወቻ አላቸው። በአራቱ ጎኖቹ አራት የዕብራይስጥ ፊደላት ተጽፈውበታል፤ ፊደላቱም ታላቅ ተአምር መደረጉን የሚያሳስቡ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ክፉና ደጉን ገና ለይቶ ለማያውቅ ሕፃን እንዲህ ያለውን መጫወቻ መስጠትና አንድ ሃይማኖት ማስተማር ይገባልን? ወይስ አድጎ ራሱ እስኪመርጥ ድረስ ዝም ማለት ይሻላል? እኔ ማስተማር ይገባል እላለሁ። ነገር ግን እንዴት ሆኖ እንደሚገባ ልንገራችሁ።

አስቀድሜ የአንድ መጫወቻ ታሪክ ላውጋችሁ። በጀርመን አገር በሳክሶንያ ክፍል በተራራ ላይ ሳይፈን የምትባል መንደር አለች። የዚያ አገር ሰዎች ቀድሞ ከምድር ውስጥ የቆርቆሮ ማዕድን ቈፍረው ያወጡ ነበር። ማዕድኑ እያነሰ በሄደ ጊዜ እንጨት እየጠረቡ መጫወቻ መሥራት ጀመሩ። ሥራቸውም የሚያስደንቅ ነው። እንጨቱን በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ አድርገው እንደ ትልቅ ቀለበት ይቀርጹታል። ከዚያም ቀለበቱን ዳቦ እንደሚቈረስ በቢላዋ ሲሰነጥቁት እያንዳንዱ ቁራጭ የፈረስ ወይም የላም መልክ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ሁለት ሁለት አድርገው፣ ቀለም ቀብተው፣ ከእንጨት በተሠራ መርከብ ውስጥ ያስገቡትና የኖኅ መርከብ ብለው ይሸጡት ነበር። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት በብዙ ቤቶች እሑድ ቀን ሌላ መጫወቻ መያዝ ክልክል ነበረ። የኖኅ መርከብ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተወሰደ ስለ ሆነ ይፈቀድ ነበር።

ይህ መርከብ ለልጆቹ ምን አስተማራቸው? ትእዛዝ ሳይሰጣቸው፣ ሳይገረፉም፣ እግዚአብሔር ሰውንና እንስሳን እንደሚያድን ታሪኩን በእጃቸው እየነኩ ተማሩ። ደግሞ ልብ በሉ። የኖኅን ታሪክ ክርስቲያን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። አይሁድ በኦሪት ያነብቡታል፤ እስላሞችም በቁርኣን ያነብቡታል፤ እንዲያውም የቁርኣን 71ኛው ምዕራፍ በኖኅ ስም የተጠራ ነው። ስለዚህ ሦስት ልጆች ከሦስት ቤት መጥተው በአንድ መርከብ ቢጫወቱ፣ እያንዳንዱ አባቱ የነገረውን ታሪክ ያስባል እንጂ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

የልጆች ጨዋታ ለሃይማኖት ከንቱ እንዳልሆነ ከሌላ ታሪክም እንማራለን። ሩፊኖስ የሚባል የጥንት ታሪክ ጸሐፊ እንደ ጻፈው፣ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት እለ እስክንድሮስ አንድ ቀን በባሕር ዳር ልጆች ሲጫወቱ ከሩቅ አየ። ልጆቹ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እያስመሰሉ፣ አንዱ እንደ ጳጳስ ሆኖ ጓደኞቹን ያጠምቅ ነበር። ልጆቹን አስጠርቶ በጠየቃቸው ጊዜ ፈርተው ካዱ፤ ኋላ ግን እውነቱን ነገሩት። እርሱም አልቈጣቸውም፤ በደንብ እንዲያስተምሯቸው ለወላጆቻቸው አደራ ሰጠ። እንደ ጳጳስ ሆኖ የተጫወተው ልጅ አትናቴዎስ ነው ይባላል። ከኋላ የመጡ የታሪክ ሊቃውንት ይህ ነገር በእርግጥ መደረጉን ይጠራጠራሉ። አትናቴዎስ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ328 ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስን የሾመልንም እርሱ ነው።

ይህ ፍሬምናጦስ ደግሞ ወደ አገራችን ሲመጣ ልጅ ነበረ። ሩፊኖስ እንደሚለው፣ ከጢሮስ የመጡት መንገደኞች በባሕር ዳር በተገደሉ ጊዜ እርሱና ኤድስዮስ የተባለው ወንድሙ ከዛፍ በታች ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ስለ ልጅነታቸውም ታዘነላቸውና ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ። የንጉሡ ቤት አምልኮ ከእነርሱ ሃይማኖት የተለየ ነበረ። ነገር ግን በልጅነት የተማሩት ከልባቸው አልጠፋም። ንጉሡም አመናቸውና በቤቱ ሾማቸው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በልጅነት የተዘራ ትምህርት በባዕድ አገርም እንደሚበቅል ነው። ሁለተኛውም፣ የሌላ ሃይማኖት ልጅን በቤቱ ያሳደገ ሰው እንደማይጎዳ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንዳንድ አስተዋዮች «ሕፃኑ ሳይመርጥ ሃይማኖት ማስያዝ ግፍ ነው፤ አድጎ ራሱ ይምረጥ» ይላሉ። ነገራቸውን አልንቅም። ሆኖም እናት ልጇ ቋንቋ እስኪመርጥ ድረስ ዝም አትለውም። በአፏ ባለው ቋንቋ ታባብለዋለች። ልጁም ያን ካወቀ በኋላ ግእዝን ወይም ዐረብኛን ወይም እንግሊዝኛን ለመማር ይችላል። አንድም ቋንቋ ያልሰማ ልጅ ግን ብዙ ቋንቋ ለመምረጥ አይችልም። ሃይማኖትም እንዲሁ ነው። ባዶ ልብ አይመርጥም። ወላጅ ዝም ቢል መንገድና ገበያ ዝም አይሉም፤ ልጁን ሌላ ያስተምረዋል።

ነገር ግን ምሳሌዬ ፍጹም እንዳልሆነ አውቃለሁ። አማርኛ የሚናገር ሰው ዐረብኛን ሐሰት ነው አይልም። በሃይማኖት ግን አንዱ ሌላውን ተሳስቷል ሊለው ይችላል። አደጋውም በዚህ ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሴ ጥፋት ነው።

ልጅ ሳለሁ እኔና ጓደኞቼ ቅዳሴ እናስመስል ነበር። መስቀላችን ሸምበቆ፣ ጥላችን የጉሎ ቅጠል፣ ጸናጽላችን የቆርቆሮ ቁራጭ ነበረ። ከበሮ ግን አልነበረንም። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ ሉሑን ይዞ መጣና ቆሞ ያየን ጀመር። ሉሕ ማለት የእስላም ልጆች የቁርኣን ትምህርታቸውን የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። እኔ ነጥቄው ከበሮ አደረግሁት። በእጃችን ላብና በጭቃ ጽሕፈቱ ሁሉ ጠፋ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ ልጁ ግን ምንም ሳይናገር አለቀሰ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ከቤት ወጥተው አዩንና «ልጄ፣ ይህን ማን አጠፋው?» አሉኝ። እኔም «ጨዋታ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። እርሳቸውም «ዳዊትህን ወስዶ ቢቀመጥበትና ጨዋታ ነው ቢልህ ትስቃለህን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ እንዲህ አሉኝ፤ «ሃይማኖቴን ያስተማርሁህ የሰውን እንድትረግጥ አይደለም። መስቀል ይዘህ ሰው ካስለቀስህ የያዝኸው ሸምበቆ ብቻ ነው።»

ከዚያም የቀለም ቀንዳቸውን አስይዘውኝ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄድን። የልጁ አባት ደጃፍ ድረስ ወጥተው «መሪጌታ፣ ለዚህ ብለው ደከሙን? የልጅ ነገር ነው» አሉ። አባቴ ግን «ልጄ ራሱ ይቅርታ ይጠይቅ» አሉ። እኔም ይቅርታ ለመንሁ፤ ሉሑንም በንጹሕ ውኃ አጠብሁት። ልጁ ከቀለሙ እየጠቀሰ ትምህርቱን እንደ ገና ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ቀለማቸው እንደ ቀለማችን ከጥላሸት የተሠራ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ልጁም እንደ እኔ ፊደሉን ሲስት ይጨነቅ፣ ሲያገኘው ፊቱ ይበራ ነበር። ሃይማኖቴን አልተውሁም፤ ጓደኛ ግን አገኘሁ።

ስለዚህ ለወላጆችና ለመምህራን ሦስት ነገር እላለሁ። መጀመሪያ፣ የምታምኑትን ለልጆቻችሁ አስተምሩ፤ ነገር ግን ራሳችሁ አድርጉት። ውሸት እየተናገረ ለልጁ መስቀል የሚገዛ አባት ልጁን ያስተማረው ውሸትን ነው። ሁለተኛ፣ መጫወቻው ፍቅርን የሚያስተምር ይሁን። ሌላውን ለመሳደብ ወይም ለማሸነፍ የተሠራ መጫወቻ የሃይማኖት ስም ቢጻፍበትም የጠብ ዕቃ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ «ጎረቤታችን ስለ ምን ሌላ ጸሎት ይጸልያል?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን ንገሩት። «እኛ ይህን እናምናለን፤ እነርሱ ያን ያምናሉ፤ ሁላችንን የፈጠረ ግን ያውቀናል» በሉት። በመጠየቁ አትምቱት። የተመታ ልጅ መጠየቅን ይተዋል እንጂ ማሰብን አይተውም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና መልካም ጠባይ ለማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በዚያው አንቀጽ ማንም ሰው በሃይማኖት ነገር እንዳይገደድ ተጽፏል። እንግዲህ ወላጅ ያስተምር፤ አስገድዶ ግን አይያዝ። ልጁ አድጎ በራሱ ልብ ሲመረምር፣ በፍቅር የተማረውን አጥብቆ የሚይዝበት ምክንያት ይኖረዋል። በፍርሃት የተማረውን ግን በር በተከፈተ ቀን ጥሎት ይሄዳል።

እናንተም ልጆች ሆይ፤ በቤታችሁ የምትማሩትን በደስታ ተማሩ። መስቀላችሁን ሥሩ፤ መዝሙራችሁን ዘምሩ፤ ጅራፋችሁን አጩኹ። ነገር ግን በሌላ ልጅ መጽሐፍ፣ በሌላ ልጅ ጾምና ጸሎት አትሳቁ። አጥፍታችሁ እንደ ሆነ ግን ሳይመሽ ሂዱና ይቅርታ ለምኑ። ይህን የሚያደርግ ልጅ ሃይማኖቱን ከጨዋታ ያለፈ አድርጎ ተምሮአል።