የሆቴሉ ግብር ወዴት ይሄዳል?

ነገሌ ቦረና የሚያድር እንግዳ በተጨማሪ እሴት ታክስ በተመዘገበ ሆቴል ካረፈ፣ ከመቶ 15 ግብር ይከፍላል። ባለሆቴሉም የትርፍ ግብርና የማዘጋጃ ቤት ክፍያ አለበት። ገንዘቡ በየደረጃው ይከፋፈላል። ለከተማው የሚደርሰው ግን የውሃ ቦኖ ሆነ ወይስ የመኪና ጎማና የስብሰባ አበል?

ነገሌ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ያቤሎና ሞያሌም የመንገደኛ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው የሁላቸውም ነው። ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፤ ሪፖርትም ይሰማል። ዳሩ ግን ማጽደቅ መቆጣጠር አይደለም።

ጥቃቅን ነገር ነው የሚል ቢኖር የጥርን 1966 ዓ.ም. ያስታውስ። ነገሌ የሰፈሩ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ቢከለከሉ አመፁ፤ ሊያጣራ የተላከውንም ጄኔራል ይዘው የእነሱን ምግብ አበሉት። ሰሚ ያጣ አቤቱታ መጨረሻው ይህ ነው።

ቦረና ለመጠያየቅ እንግዳ አይደለም። በቱላ ጉድጓዶች የውሃ ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ፤ በየ8 ዓመቱም በጉሚ ጋዮ ጉባኤ አባ ገዳው ሳይቀር ይጠየቃል። ለውሃው ጠባቂ ያለው አገር ለገንዘቡ ስለምን ያጣል?

እንግዲህ ከሆቴሎች ለከተማው የገባው ገቢ፣ ከተሠራበት ሥራ ጋር፣ በየ3 ወሩ በማዘጋጃ ቤቱ በር ይለጠፍ። ምክር ቤቱም ነዋሪውንና ባለሆቴሉን ጠርቶ ሹሞቹን በአደባባይ ይጠይቅ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል።

ለዕረፍት ወደ ደቡብ የምትወርድ ተማሪ ሆይ፣ ደረሰኝህን ተቀበል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ጎራ ብለህ ጠይቅ!