በባሕር ገንዳ ውስጥ ዛጎልን ከነካሽ ዓሣ ስለ መጠበቅ

ከቤት ጌጥ ሁሉ ሕይወት ያለው ጌጥ ይልቅ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አሳብና ትጋት የሚጠይቅ ደግሞ እርሱ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ቢረሱ አቧራ ይለብሳሉ እንጂ አይሞቱም፤ ሕይወት ያለው ፍጥረት ግን በጌታው ቸልታ ይጠፋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ በብዙ አገር በሰዎች መኖሪያ ቤት እየተለመደ ስለ ሄደው ስለ ባሕር ገንዳ፥ ይልቁንም በውስጡ ስለሚቀመጠው ስለ ታላቁ ዛጎልና እርሱን ስለሚቆነጥሩት ዓሦች ጥቂት ለመጻፍ ወደናል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የባሕር ፍጥረቶችን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ ለሕዝብ ማሳየት የተጀመረው በ1853 በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ ነው። በ1910 ደግሞ የሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት፥ በባሕር ዳር ገደል ላይ ያሠሩትን የውቅያኖስ ቤተ መዘክር መርቀው ከፈቱ። ዛሬ ውኃን የሚያዘዋውር የኤሌክትሪክ መሣሪያና የፀሓይን ብርሃን የሚተካ ብርቱ መብራት ስለ ተገኘ፥ ዓሣ ብቻ ሳይሆን መርጃን ከነአለቱ፥ ዛጎልም ከነሕይወቱ በሰው ቤት ሊኖር ቻለ።

ሊቃውንት ትሪዳክና ብለው የሚጠሩት ይህ ዛጎል፥ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሁለት ክዳን ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ከወገኖቹ ሁሉ የሚበልጠው ርዝመቱ ከ1 ሜትር፥ ክብደቱም ከ200 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ትንሹ ግን ከ15 ሳንቲሜትር እምብዛም አይበልጥም። ክዳኑን በከፈተ ጊዜ በሰማያዊ፥ በአረንጓዴና በወርቅማ ቀለም ያጌጠ ሥጋውን እንደ ካባ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ሊቃውንቱም ይህን ሥጋ መጐናጸፊያ ይሉታል።

ይህ መጐናጸፊያ ለጌጥ ብቻ የተሰጠው አይደለም። በውስጡ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን የባሕር ዕፀዋት ይኖራሉ። እነርሱም ብርሃን ተቀብለው ምግብ ይሠራሉ፤ ከሠሩትም የሚበዛውን ለባለቤቱ ይሰጡታል። ሞሪስ ዮንግ የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ ከ1928 እስከ 1929 በአውስትራልያ ታላቁ የመርጃን አለት በሎው ደሴቶች ተቀምጠው ይህን ኑሮ መረመሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ የተነሡትም ዕፀዋቱ የሠሩትን ስኳር ለዛጎሉ እንደሚያካፍሉ አስረዱ። እንግዲህ ዛጎሉ ከውኃ አጥልሎ የሚበላው ጥቂት ምግብ ቢኖረውም፥ ዋናው ማዕዱ ብርሃን ነው ማለት ነው። መጐናጸፊያው ሲዘረጋ እርሻው ተከፈተ፤ ሲሰበሰብ ግን እርሻው ተዘጋ።

አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ልብ ቢሉት፥ የትንሽ ዓሣ ንክሻ ስለ ምን እንደሚገድል ያለ ድካም ያስተውሉታል። ብዙ ሰዎች ዓሣው ጥቂት ሥጋ ቢቆነጥር ዛጎሉን ምን ይጎዳዋል ይላሉ። እውነት ነው፥ አንድ ጊዜ የተቆነጠረ መጐናጸፊያ ይድናል። ነገር ግን ዛጎሉ በመጐናጸፊያው ዳርቻ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች አሉት፤ በእነርሱም የሚያልፈውን ጥላ አይቶ፥ ንክሻ ሲሰማውም ፈጥኖ ክዳኑን ይዘጋል። ዓሣው በየጊዜው እየተመላለሰ ቢነካው፥ እርሱም በየጊዜው እየተሰበሰበ ቀኑን በጨለማ ይውላል። በዚህም አኳኋን ብዙ ሳምንት ቢቆይ፥ በገንዳው ላይ ብርሃን ሞልቶ ሳለ በራብ ይሞታል። ጠብታ ውኃ ድንጋይ ይበሳል እንደሚባለው ሁሉ፥ ዛጎሉን የሚገድለው የአንዲቱ ንክሻ ብርታት ሳይሆን የንክሻው አለማቋረጥ ነው።

አሁን ጠላቶቹ እነማን እንደ ሆኑ እንናገር። በባሕር ውስጥ ጋሻ ዓሣ የሚመስሉት ባለ ጠንካራ ጥርስ ዓሦች፥ ሲቈጡ እንደ ፊኛ የሚነፉትና ታላላቆቹ ቀለማም ዓሦች ክዳኑን ሰብረው ወይም ሥጋውን ቦጭቀው ይበሉታል። እነዚህን ከዛጎል ጋራ አንድ ገንዳ ማግባት ተኵላን ከበግ ጋራ ማሳደር ስለ ሆነ፥ ነገሩ ክርክር አያስፈልገውም።

ክርክር የሚያመጡት ግን ውበታቸው ሰውን የሚማርከው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ይኸውም የቢራቢሮ ዓሣና የመልአክ ዓሣ የሚባሉት ናቸው። የቢራቢሮ ዓሣ ከወገኑ ብዙው መርጃንንና ለስላሳ ሥጋ ያላቸውን ፍጥረቶች እየለቀመ የሚኖር ስለ ሆነ ከዛጎል ጋራ የሚታመን አይደለም። የመልአክ ዓሣም ታላላቆቹ በባሕር ውስጥ ሰፍነግን፥ ታናናሾቹ በአለት ላይ የበቀለውን አረንጓዴ እየጋጡ ይኖራሉ። በጠባብ ገንዳ ግን ሲለቅሙ መዋል ልማዳቸው ስለ ሆነ፥ የዛጎሉን መጐናጸፊያ ቀምሰው ከወደዱት አይተዉትም። አንዱ የመልአክ ዓሣ ዓመት ሙሉ ከዛጎል ጋራ በሰላም ሲኖር፥ ወንድሙ በመጀመሪያው ቀን ይነክሳል። የዓሣው ወገን ፍርሃታችንን ያመለክታል እንጂ የእያንዳንዱን ጠባይ አይነግረንም። ምግብ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ መስጠት ልማዱን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን መተማመኛ አይሆንም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የገንዳው ባለቤት ይህን ገንዳ የማሠራው ለማን ነው ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ለዛጎሉ ከሆነ ዓሦቹን ለዛጎሉ እንደሚስማሙ አድርጎ ይምረጥ፤ ለመልአክ ዓሣ ከሆነ ደግሞ ዛጎሉን ይተወው። ሁለቱንም በአንድነት እወዳለሁ ብሎ ዕድልን መፈተን፥ አደጋውን ሊሸሽ በማይችለው ፍጥረት ላይ መጫን ነው። ዓሣ ክንፍ ስላለው ከሚያስቸግረው ይርቃል፤ ዛጎል ግን ባስቀመጡት ስፍራ ይቀራል። ለእርሱ የሚያስብለት ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ለዛጎል ጎረቤትነት የሚስማሙ ዓሦች ጥቂቶች አይደሉም። በአሸዋ ላይ የሚኖሩት ትናንሾቹ ጎቢ የሚባሉት፥ በመንጋ የሚዋኙት ክሮሚስ፥ በሌሊት የሚነቁት ካርዲናል ዓሦች፥ ከውኃው መካከል ጥቃቅን ምግብ የሚለቅሙት አንቲያስ የተመሰገኑ ናቸው። ብርቱካናማው ባለ ነጭ መቀነት ዓሣም ዛጎልን አይበላም። ነገር ግን የሚጠለልበት የባሕር አበባ ያጣ እንደ ሆነ በዛጎሉ መጐናጸፊያ ላይ እየተኛ ስለሚያስቸግረው፥ እርሱንም መመልከት ያሻል።

ዛጎሉን ወደ ገንዳ ለማግባት የሚያስብ ሰው አይቸኩል፤ የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ገንዳው ከተሠራ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ያለፈው፥ ሙቀቱም ከ24 እስከ 26 ሴንቲግሬድ፥ ጨውነቱም በሊትር 35 ግራም ያህል ሆኖ የጸና መሆን አለበት። ከ5 ሳንቲሜትር የሚያንስ ዛጎል ንክሻን የመቋቋም ኃይል ስለሌለው ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል። የሚያጠራጥር ዓሣ ገና ሳይገባ ዛጎሉ ቀድሞ ቢገባና ስፍራውን ቢለምድ መልካም ነው። ከበታቹ እንደ ሐር ክር ባለ ማሠሪያ ከድንጋይ ጋራ የተያያዘ ከሆነ ጎትቶ ማላቀቅ ሊገድለው ስለሚችል፥ ከነድንጋዩ ማንሣት የተገባ ነው።

ከዚያ በኋላ መመልከት ነው። ዓሦች ጌታቸው ሲቀርብ ምግብ የመጣ መስሏቸው ወደ መስተዋቱ ስለሚሰበሰቡ፥ አጠገብ የቆመ ሰው ጥፋታቸውን አያይም። ራቅ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ መቀመጥ፥ ወይም የእጅ ስልክን በመቆሚያ አቁሞ በካሜራው መቅረጽ እውነቱን ይገልጣል። ዛጎል በሌሊት በመጠኑ መሰብሰቡ የተፈጥሮው ነው። ነገር ግን በቀን ብርሃን መጐናጸፊያው ከክዳኑ ጠርዝ ሳያልፍ ቢቀር፥ በአንድ ወገን ብቻ ቢሸሽ፥ ወይም ዳርቻው የተቆነጠረ ቢመስል ምልክቱን አለመናቅ ይገባል። ክዳኑ ከልክ በላይ ተበርግዶ ጥላ ሲያልፍበት የማይዘጋ ከሆነ ግን ሞቱ ቀርቧል።

ምልክቱ በታየ ጊዜ ዓሣውን ያለ ምርመራ መወንጀል ፍርድን ማጣመም ነው። እጅግ ቀላል የሆነ መፈተኛ አለ። ብርሃንና ውኃ የሚያሳልፍ ባለ ብዙ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቅርጫት ተፈልጎ በዛጎሉ ላይ ይደፋበት። በጥቂት ቀን ውስጥ ዛጎሉ በሰላም ቢዘረጋ፥ በደለኛው ከቅርጫቱ ውጭ ያለው ዓሣ ነው። በቅርጫቱ ውስጥም ሆኖ እንደ ተኮራመተ ቢቀር፥ ምክንያቱ ብርሃኑ ወይም ውኃው፥ አለዚያም ከእግሩ ሥር የተሸሸጉት የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እነዚህ በሌሊት ወጥተው ሥጋውን ይመጡታልና፥ በምሽት በመብራት ፈልጎ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል።

ቅርጫቱ ግን መፈተኛና ጊዜያዊ መጠለያ ነው እንጂ የዘወትር ቤት አይደለም። ብርሃኑን በከፊል ይጋርዳል፤ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴም ይበቅልበታል። ዓሣው ነካሽ መሆኑ ከተረጋገጠ ከሁለቱ አንዱ ከገንዳው መውጣት አለበት። ዓሣውን በመረብ ማሳደድ አለቱን ማፍረስና ሁሉን ማስደንገጥ ስለ ሆነ፥ ምግብ በተደረገበት ጥርት ባለ ወጥመድ ውስጥ በትዕግሥት ማስለመድና መያዝ ይሻላል። ከተያዘም በኋላ ለሻጩ መመለስ ወይም ዛጎል ለሌለው ገንዳ መስጠት ይገባል። አገሩ ወዳልሆነ ባሕር መጣል ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። በ1985 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ጠረፍ የታየው የአንበሳ ዓሣ፥ በዚያ ባሕር ተራብቶ ለአገሩ ዓሦች መቅሠፍት ሆኗል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ስለ አንድ ዛጎል መጻፋችን ከልክ ያለፈ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ ጎረቤታችን ስለ ሆነው ስለ ቀይ ባሕር አንድ ነገር እንንገረው። በ2008 የሊቃውንት ማኅበር በዚያ ባሕር ከሌሎቹ የተለየ የታላቅ ዛጎል ወገን መኖሩን ገለጠ፤ ይህም በ1899 ስቱራኒ ትሪዳክና ስኳሞሲና ብለው ስም የሰጡት መሆኑ ኋላ ታወቀ። ከ120,000 ዓመታት በፊት በቀሩት የድንጋይ ምስክሮች እንደ ተቈጠረ፥ ይህ ወገን በዚያ ከነበሩት ታላላቅ ዛጎሎች ከመቶ 80 በላይ ነበረ፤ በሕይወት ካሉት መካከል ሲቈጠር ግን ከመቶ 1 እንኳ ሳይሞላ ተገኘ። ታላላቅ ዛጎሎች ሁሉ ከ1985 ጀምሮ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን በመንግሥታት ስምምነት ተወስኗል። በፓላው ደሴቶች በ1980ዎቹ ዓመታት የተስፋፋው የእርባታ ሥራም፥ ከባሕር ሳይነጠቅ በገንዳ የተወለደ ዛጎል ለገበያ እንዲደርስ መንገድ ከፈተ። እንግዲህ የሚገዛ ሰው የተረባ መሆኑን ጠይቆ ይግዛ፤ የገዛውንም አይጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። ዓሣውን ካገቡ በኋላ ማስወጣት ብዙ ድካም ነው፤ ሳያገቡ መተው ግን አንዲት ቃል ብቻ ትበቃዋለች። በደኅና የተጠበቀ ዛጎል ብዙ አሥር ዓመታት ስለሚኖር፥ ገዥው በወጣትነቱ ያኖረውን ልጆቹ በጕልማስነታቸው ተዘርግቶ ሊያዩት ይችላሉ። ለአንድ ውብ ዓሣ ሲባል ይህ እንዳይቀር፥ ምርጫው ከሱቁ በር ላይ ሳይሆን ከቤት ሳይወጡ በፊት ተመክሮ ይቈረጥ እንላለን።