ዳዊት ዛሬ ምን አለህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ ዛሬ ስለ መዝሙረ ዳዊትና ስለ መጽሐፈ ምሳሌ ንባብ ሐሳቤን ላካፍላችሁ። ብዙ አንብቦ ምንም ካለማድረግ፣ ጥቂት አንብቦ ያነበቡትን መፈጸም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ልጅ ሳለሁ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ዳዊት ቶሎ ደግሞ በመጨረስ እንፎካከር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ወደ ወፍጮ ቤት ልትሄድ ተነሥታ «ልጄ፣ ና እህሉን አሸክመኝ» አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሣ «ዳዊት እየደገምኩ ነው፤ አትጥሪኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። እናቴ አልተቆጣችም። እንደምንም ብላ ብቻዋን ተሸክማ ሄደች። ስትመለስ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ልጄ፣ ዳዊት ዛሬ ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ መዝሙር ደግሜ ነበር፤ ነገር ግን አንዱንም ማስታወስ አቃተኝ። ያን ቀን በጣም አፈርኩ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ልጆች፣ አፌ ይጸልይ ነበር፤ ልቤ ግን በውድድሩ ላይ ነበር። ጸሎቴንም ከሥራ ማምለጫ አደረግሁት። መጽሐፈ ምሳሌ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ልጅ የአባቱን ምክርና የእናቱን ትምህርት እንዲሰማ ያዝዛል። ስለዚህ እናት ስትጠራ ምልክት አድርጎ መነሣት፣ ታዝዞ መመለስ ንባብን ማቋረጥ አይደለም፤ የንባብ ፍሬ ነው። መዝሙሩ የትም አይሄድም።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «ሕፃናት ትርጉሙ አይገባቸውም፤ ሲያድጉ ያነቡታል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን ፊደል የቆጠረውን ልጅ ዳዊት እንዲማር ሲያደርጉ የኖሩት በከንቱ አይደለም። በልጅነት ልብ ውስጥ የገባ ቃል በችግር ቀን ይታወሳል። ደግሞም ዳዊት ራሱ በልጅነቱ በግ ጠባቂ ነበር። ልጁ አቤሴሎም ባሳደደው ጊዜ 3ኛውን መዝሙር ጸለየ። በድሎ ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ ደግሞ 50ኛውን መዝሙር እያለቀሰ ጸለየ። እናንተስ ፈርታችሁ አታውቁም? አጥፍታችሁ አላዘናችሁም? እንግዲያው ዳዊት ለእናንተም ይሆናል። ያልገባችሁን ደግሞ መምህራችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ቤተ ክርስቲያናችን 150ውን መዝሙራት ለሳምንቱ ቀናት አከፋፍላለች። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። ዐሥሩ መዝሙር በአንድነት «አንድ ንጉሥ» ይባላል። ይህ ሥርዓት አቅሙ ለበረታ ነው። ለእናንተ ግን ለጊዜው ጠዋት አንድ መዝሙር፣ ማታ አንድ የምሳሌ ምዕራፍ ይበቃል እላለሁ። ምሳሌ 31 ምዕራፍ አለው፤ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ቀን ሁለት ምዕራፍ ታነባላችሁ። በጳጉሜን የወደዳችሁትን ትደግማላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር በግዕዙ ዳዊት 22ኛ ሲሆን፣ በአንዳንድ መጻሕፍት 23ኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በግዕዙ 9ኛው መዝሙር በእነዚያ መጻሕፍት ለሁለት ተከፍሎ ስለተቈጠረ ነው እንጂ መዝሙሩ አልተለወጠም። በዚህ ምክንያት ከጓደኛችሁ ጋር አትከራከሩ።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት «ዛሬ ያነበብኩት ምን አለኝ? እኔስ ምን አደረግሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በምሳሌ 6ኛው ምዕራፍ ሰነፍ ሰው ከጉንዳን እንዲማር ተመክሯል፤ ያን ያነበበ ልጅ በማግሥቱ ሳይቀሰቀስ ይነሣል። በ15ኛው ምዕራፍ የለዘበ መልስ ቁጣን እንደሚያበርድ ተነግሯል፤ ያን ያነበበች ልጅ ታናሽ ወንድሟ እርሳሷን ቢሰብርባት አትመታውም፤ በቀስታ ትመክረዋለች። እንዲህ ያደረገ ልጅ አንድ ምዕራፍ ብቻ ቢያነብም በእውነት አነበበ እላለሁ።

እንግዲህ ልጆች፣ ከነገ ጠዋት ጀምሩ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ «ዳዊት ዛሬ ምን አላችሁ?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ በአፋችሁም በሥራችሁም መልስ ይኑራችሁ። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።