ለአልማዝ ተልኮ ለከበደ የተጻፈ ኢሜይል

ይሄ ጽሑፍ በተለይ ኮድ ለምትጽፉ የድሮ ተማሪዎቼ ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ ፓስዎርድ ረስቶ የማያውቅ ካለ ብቻ ይለፈው።

አካውንት ስትከፍቱ ወይም ፓስዎርድ ስትረሱ ኢሜይል ይመጣላችኋል አይደል? ያንን ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፈውም። ሰርቨሩ ላይ ቴምፕሌት የሚባል አለ፤ መዝገብ ቤት «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ክፍት ቦታ እየተወ እንደሚያባዛው ደብዳቤ ማለት ነው። ስሙ ይገባል፣ ሊንኩ ይገባል፣ ይላካል። ይህን ቴምፕሌት እንደመጣ ትቶ «ሲስተሙ አልቋል» ብሎ ማስረከብ ያላለቀ ሥራ ማስረከብ ነው እላለሁ።

ጃንጎን እንውሰድ፣ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት ስለሆነ። ካልነካችሁት የላኪው አድራሻ «ዌብማስተር አት ሎካልሆስት» ነው። ሳይትስ የሚባለውን ጨምራችሁ ስሙን ካልቀየራችሁ ደግሞ የድርጅታችሁ ስም በሚገባበት ቦታ «ኤግዛምፕል ዶት ኮም» ይገባል። እኛ ክፍል ውስጥ «ከማታውቁት ሰው የመጣ ሊንክ አትንኩ» እያልን እናስተምራለን፤ እናንተ ትክክለኛውን ደብዳቤ የአጭበርባሪ አስመስላችሁ ትልካላችሁ። ጎበዙ ተማሪ ያጠፋዋል፣ ምዝገባውም ያልፈዋል። አምኖ የነካው ደግሞ ነገ የእውነቱ አጭበርባሪ ሲመጣም ያምናል። ስልካቸውን ይዘው «ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው የሚለው?» ብለው የሚመጡት ወደ እኛ ነው፣ ወደ እናንተ አይደለም።

ስሙ ደግሞ አለ። ብዙ ቴምፕሌት «ውድ» ካለ በኋላ የሚያስገባው የመጨረሻ ስም ነው። ፈረንጅ ጋ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ያስኬዳል። እኛ ጋ የአባት ስም ነው፤ ሦስት ከተጻፈማ የአያት! አልማዝ ከበደ ፓስዎርድ ስትረሳ «ውድ ከበደ» ተብሎ ይመጣላታል። አባቷ በሕይወት ባይኖሩስ? መፍትሔው እኮ ቴምፕሌቱ ላይ አንድ ቃል ነው፤ «ላስት ኔም» የሚለውን «ፈርስት ኔም» ማድረግ።

ሲተረጉሙ «ፓስዎርድህን ቀይር» የሚሉም አሉ። እንግሊዝኛው ወንድም ሴትም ሳይል ያልፋል፣ አማርኛው ግን አያልፍም። «ይቀይሩ» በሉና ተገላገሉ፤ አክብሮቱም አለ፣ አልማዝም አትቀየምም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ሰዓቱ ነው። አዲስ የጃንጎ ፕሮጀክት የሰዓት ቀጠናው ዩቲሲ ነው። ኢሜይሉ «ሊንኩ እስከ 9:00 ይሠራል» ቢል፣ የዩቲሲ 9:00 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ልጁ ግን 9 ሰዓት ሲያይ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው የሚያስበው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ፣ ሒሳብ ከፍሎ ሲከፍተው ሊንኩ ከሞተ 3 ሰዓት አልፎታል። ማን ነው ጥፋተኛው? የጃንጎ ሊንክ ካልቀየራችሁት ለ3 ቀን ይቆያል፤ «ይህ ሊንክ የሚሠራው ለ3 ቀን ነው» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? የግድ ሰዓት መጻፍ ካለበት «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ይጨመርበት።

«ቲቸር፣ ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ አይደል የሚማረው?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ ይማራል። በእንግሊዝኛ ባዮሎጂ መማርና ተደናግጦ ሳለ «አክቲቬሽን ቶክን ኤክስፓየርድ» የሚል ማንበብ ግን ለየቅል ነው። ደግሞስ አካውንቱ የተማሪ ብቻ ነው? የነጋዴው፣ የእናቱስ? አማርኛ ብቻ ይሁን አላልኩም። ጃንጎ ቋንቋ መለየት ይችላል፤ ሰውየው ሲመዘገብ ቋንቋውን ጠይቁት፣ ኦሮምኛም ትግርኛም ሶማሊኛም በየራሱ ይሂድለት።

«በእኛ ፊደል ውድ ነው» የሚል ሰበብም ሰምቻለሁ። ኤስኤምኤስ ላይ እውነት ነው፤ አንዱ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሲይዝ በእኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ኢሜይል ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም፤ ከኤስኤምኤስ የተዋሳችሁት ሰበብ ነው።

ፓስዎርዱን ራሱን በኢሜይል ስለሚልኩትማ ምን እላለሁ! ጃንጎ ሃሽ አድርጎ፣ እናንተም እንዳታነቡት አድርጎ ያስቀመጠውን፣ ቴምፕሌት ላይ አስገብታችሁ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ እንዲቀር ትሰዱታላችሁ። ሊንክ ላኩ፣ ባለቤቱ ራሱ ያውጣ። በቃ።

«ፋይሉን ጽፌው ጃንጎ አሁንም የራሱን ይልካል» ላላችሁኝ፦ ሴቲንግ ውስጥ የእናንተ አፕ ከአድሚን በታች ተጽፎ ይሆናል። የአድሚኑ ቴምፕሌት ቀድሞ ስለሚገኝ የእናንተን አያየውም። ከአድሚን በላይ አድርጉት። ከዚያ ለሰው ከመላካችሁ በፊት የኢሜይል ባክኤንዱን ወደ ኮንሶል ቀይራችሁ፣ በአልማዝ ስም ለራሳችሁ አንብቡት።

ጽሑፉ የሚያስቸግራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልሳለሁ። እንደ ድሮው ማርክም እሰጣለሁ።